የሆድ ምስክርነት

በታኅሣሥ ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ የታላቅ ወንድሜ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ከብትም አልተጎዳም። እሳቱ እስኪጠፋ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ሲጠፋ ከክምሩ የተረፈ ነገር አልነበረም።

ሰዓቱን የማውቀው ስለጻፍኩት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በሬዲዮ ዘጋቢነት ስሠራ አንድ ልማድ አብሮኝ አርጅቷል፤ ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ ሰዓቴን አያለሁ፣ ቀጥዬ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣለሁ፣ የምደነግጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከደብረ ማርቆስ ዕረፍት ወስጄ ወደ ወንድሜ ቤት የመጣሁት በዋዜማው ረቡዕ ነበር። ጎጣችን ከይጁቤ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። ጭሱ ሲነሣ በሩ ላይ ዱካ ስቤ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ሦስት መስመር ጻፍኩና ባልዲ ይዤ ሮጥኩ። ለሦስት ደቂቃ ያህል ዘግይቻለሁ። የወንድሜ ሚስት ይህን እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች፤ መብቷ ነው።

አመሻሹ ላይ ወንድሜ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቅንድቡ ላይ አመድ ነበር። ወደ ደብተሬ አየ።

«ምን ጻፍሽ?»

«ያየሁትን።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ዘጠኝ ከአሥር፦ ከአውድማው በኩል ጭስ ተነሣ። ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት፦ ጎረቤቱ በባሕር ዛፉ በኩል ወደ ታች ሲሸሽ። ዘጠኝ ከአሥራ ሦስት፦ የጋሼ ሚስት በዚያው በኩል ስትሮጥ።»

«ሁለተኛውን ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ሲሸሽ ነው ያልሽ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«በቃ፤» አለ ወንድሜ። «ሆዴ የነገረኝን አንቺ ጽፈሽዋል።»

ጎረቤቱ ማለት ከወንድሜ ማሳ አጠገብ የሚያርስ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ትልም ስፋት ድንበር ተጣልተው በሽማግሌ ታርቀዋል። ዕርቁ ወንድሜን አላረካውም። ረቡዕ ማታ ራት ላይ ያወራኝ ስለዚሁ ነበር፤ ሰውየው ማረሻውን እንዴት ወደ ወንድሜ በኩል እንደሚያጋድል፣ ሰላም ሲለው እንዴት ጥርሱን ብቻ እንደሚያሳየው። ስሰማ የቆየሁት በጆሮዬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ሴቶች አስቁመው «ሲሸሽ አየሽው አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ወንዝ ዳር ልብስ ላጥብ ብወርድ አንዱ ከወዲያ ማዶ «ጽፈሽዋል አሉ!» ብሎ ጮኸ። ጎጡ በአንድ ሌሊት የኔን ደብተር በቃሉ ይዞታል።

ነገሩ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይከብድም ነበር። ለቅዳሜ ግን አውጫጭኝ ተጠርቷል። ይህን ላላየ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር ጥፋት ደርሶ ያጠፋው ሰው ካልታወቀ፣ በዕለቱ በጎጡ የነበረ አዋቂ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እንግዳም ቢሆን አይቀርም። ቄሱ መስቀል ይይዛሉ፣ ሁሉም ይምላል። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሦስት ሽማግሌዎች እየተጠራ፣ ከወይራው ጀርባ ሆኖ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ሲጨርስ የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል፦ «ሆድህስ ማንን ይላል?»

ስሙ ከሦስት ሰው ሆድ የወጣ ሰው፣ የሚምልለት ሰው ካላገኘ ጥፋቱ የእሱ ነው። ፖሊስ አይመጣም፣ ወህኒም አይወርድም። ደቦ ሲጠራ ግን ማንም አይሄድለትም። ታኅሣሥ ላይ ደቦ የቀረበት ሰው ጤፉ ማሳ ላይ ቆሞ አይጥና የበልግ ዝናብ ይጫወቱበታል። ጎረቤቱ ሚስትና አራት ልጆች አሉት፤ የእሱም የጤፍ ክምር ገና አልተወቃም ነበር። አርብ ረፋዱ ላይ የወንድሜ ሚስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንደነገረችኝ፣ ሁለት ሆድ ቀድሞ ተገኝቷል፤ አንዱ የወንድሜ፣ ሌላው የክርስትና ልጁ አባት። የቀረው ሦስተኛው ነው።

«ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ መሰለኝ፤» አለችኝ፣ እንጨት እየሰበረች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ሆድ የሚለውን ቃል ሳስብ የማይረሳኝ አንድ ቀን አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጤና ፕሮግራማችን አንድ የአእምሮ ሐኪም ጋብዘን ነበር። ሐኪሙ «ንዑስ ንቃተ ህሊና» እያሉ አርባ ደቂቃ አስረዱ፤ ሰው ሳያውቀው የሚያስበው ሐሳብ፣ ሳያውቀው የሚወስነው ውሳኔ እንዳለ። መስመሩ ሲከፈት ከደምበጫ አንድ አርሶ አደር ደወሉ። «ዶክተር፣ ይሄ የሚሉት ነገር እኛ ሆድ የምንለው አይደለም?» ሐኪሙ ሳቅ አሉ። ትንሽ አሰቡና «ከሞላ ጎደል» ብለው አለፉት። በወቅቱ እኔም አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ሰውየው ከሐኪሙ የተሻለ ጠይቀዋል እላለሁ።

እኛ ዘንድ የተሰወረው ሐሳብ መኖሪያው ሆድ ነው። ሰው ነገር በሆዱ ይይዛል። ሆዱ ይጠረጥራል፣ ሆዱ ይሸፍታል፣ ሆዱ አልቆርጥ ይላል። ልብ በሉ፤ በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ አድራጊው ሆድ ነው፤ ሰውየው እንግዳ እንደመጣበት ባለቤት ቆሞ ይሰማል። ጥሩ ቃል ነው፣ እውነትም ያለበት ቃል ነው። ውስጣችን እኛን ሳያማክር ሥራ እንደሚሠራ አያቶቻችን ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። የምጣላው ከቃሉ ጋር አይደለም። የምጣላው ሆድ የሚለውን ሰምቶ፣ ሆዱን ማን እንደነገረው ከማይጠይቅ ሰው ጋር ነው።

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱካዬን በዚያው ቦታ አደረግኩና ተቀመጥኩ። ከአውድማው በኩል የቀረው ጥቁር ክብ ይታያል። በስተግራ ባሕር ዛፉ አለ። ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ሲሆን ቀና አልኩ። ከተቀመጥኩበት የሚታየው ከባሕር ዛፉ ጫፍ እስከ አጥሩ ድረስ አሥር እርምጃ የማይሞላ ክፍት ቦታ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ጀርባውና ትከሻው ብቻ ይታያል፤ ፊቱ አይታይም፣ እጁ አይታይም፣ ከየት እንደመጣ አይታይም። ተነሥቼ ወደ ታች ሄድኩ። ከባሕር ዛፉ በታች ያለው ብቸኛ ነገር ምንጩ ነው። ሐሙስ ዕለት ውሃ የተቀዳው ከዚያ ነው፤ እኔም ራሴ የቀዳሁት ከዚያ ነው።

ምንጩ ዳር ቆሜ ደብተሬን ከፈትኩ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ በአንድ መንገድ፣ ወደ አንድ ምንጭ ሁለት ሰዎች ወርደዋል። አንዷ ሮጠች ብያለሁ፤ አንዱ ሸሸ ብያለሁ። ዓይኔ ያየው ሁለት ጀርባ ነው።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህኛው ይበልጥ አሳፈረኝ። ሐሙስ እሳቱ ዳር ስደርስ ባልዲዬ ግማሹ ፈስሶ ነበር፤ ሙሉ ጄሪካን ያቀበለኝ ጎረቤቱ ነው። ከእጁ ተቀብያለሁ። ክንዱ ላይ ፀጉሩ ተለብልቦ ነበር። ያን ማታ ደብተሬን ከፍቼ ስለ እሳቱ አንድ ገጽ ተኩል ስሞላ ይህን አልጻፍኩትም። አልረሳሁትም ነበር፤ ስጽፍ ግን አልመጣልኝም። ረቡዕ ማታ የሰማሁት የድንበር ወሬ በውስጤ ተቀምጦ፣ ለማን የትኛው ቃል እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ሲመርጥልኝ ውሏል። እጄ ብቻ ነበር የኔ።

ለወንድሜ አርብ ማታ ነገርኩት። ከምንጩ መልስ፣ ምንም ሳልጨምር፣ ያየሁትን እንዳየሁት።

«እና ምን ልትይ ነው?»

«ሲሸሽ አላየሁም ልል ነው። ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«እስቲ ልጠይቅሽ። ሆድሽ ምን ይላል? ደብተሩን ተይው።»

እውነቱን መለስኩ። «ሆዴ እሱ ነው ይላል።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ የነገርኩህ የሆዴን ነው እንጂ ያየሁትን አይደለም።»

«ከተማ ገባሽና ከሆድሽም ጋር ተጣላሽ፤» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውጭ ካለው ሜዳ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠን ነበር። አንዲት አሮጊት፣ እናቴን የሚያውቁ፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እንዲያው የሬዲዮ ሰው ሆድ የሚሠራው በመብራት ነው በባትሪ?»

«መብራት ሲጠፋ በባትሪ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ ዓመቱን ሙሉ በባትሪ ነው በይኛ!» ሴቶቹ ሳቁ። «የኔ ሆድ እንኳ ዛሬ የሚለው እህል እህል ነው። ጾም ይዤ፣ ማለዳ ተነሥቼ፤ የሰው ስም ይጥራ ብትሉት የት ያውቀዋል?»

ጎረቤቱ ከወንዶቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ማንም አጠገቡ አልሄደም፤ ማንም ግን አልሰደበውም። የተለበለበውን ክንዱን በነጠላው ሸፍኖታል። ከኋላዬ አንዱ «ሲያቃጥል ነው የተቃጠለው» ሲል ሌላው «ሲያጠፋም ያቃጥላል» አለ። ሁለቱም በሹክሹክታ ነበር።

ቄሱ መስቀሉን ያዙ፤ በየተራ ማልን። ከዚያ ጥሪው ተጀመረ። ወንድሜ ከወይራው ጀርባ ሄዶ ተመለሰ። የክርስትና ልጁ አባት ሄዶ ተመለሰ። አምስት ስድስት ሰው «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ሆዴም ዝም ብሏል» ብሎ ሲመለስ ድምፁ እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ተነሥቼ ከነበርኩበት አልተነቃነቅኩም።

«እዚሁ ሆኜ ልናገር ነው፤» አልኩ።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከዛፉ ጀርባ ብቅ አሉ። «ሥርዓቱ እንዲያ አይደለም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ሰውየው ግን እዚያ ተቀምጧል። እሱ በማይሰማበት ስለሱ አልናገርም።»

«ስለሱ እንደምትጠየቂ በምን አወቅሽ? ማን ስለማን ጠየቀሽ?»

«እርስዎም ያውቃሉ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል።»

ሰው ተንጫጫ። ሥርዓት የማፍረስ ሐሳብ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ከዛፍ ጀርባ መናገር ደካማውን ከጉልበተኛ ለመጠበቅ የተሠራ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ያን ዕለት ግን ደካማው ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ነበር። ሽማግሌው ወደ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ዞር ብለው ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ «ተናገሪ» አሉ።

ወንድሜ ከተቀመጠበት ተነሣ። «የጻፈችውን ታንብብ። ሌላ አልጠየቅናትም።»

ሦስቱን መስመር አነበብኩ። «ሲሸሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ጎረቤቱ ቀና አለ። ከዚያ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀመጥኩበትን ነገርኳቸው፤ ከዱካው የሚታየውን፣ የማይታየውን፣ ምንጩን፣ ጄሪካኑን፣ ክንዱን። ድምፄን አላነሣሁም። ዜና ሳነብ እንደማደርገው አንድ በአንድ አስቀመጥኩት።

ቄሱ ጣልቃ ገቡ። «ይሁን፤ ይህን ዓይንሽ ነው ያለው። ሆድሽስ?»

«እሱን ይላል፣ መምሬ። አሁንም ይላል።»

ጫጫታው እስኪረግብ ጠበቅኩ።

«ሆዴ ግን እሳቱ ጋ አልነበረም። ረቡዕ ማታ ወንድሜ ነገረኝ፤ ሐሙስ ሆዴ መልሶ እሱኑ ነገረኝ። የወንድሜን ነገር ነው በኔ ሆድ በኩል የምትሰሙት። ይህ ሦስተኛ ሆድ ተብሎ እንዳይቆጠር። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ቀድሞ ስሙን የጠራ ሰው ካለ፣ ሆዱን ማን እንደነገረው ይጠየቅልኝ።»

ትልቁ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ወንዶቹ አዞሩ። «ስም የጠራችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ስማችሁን አላወጣም። ሆዳችሁን ማን ነገረው?»

በመጨረሻ የክርስትና ልጁ አባት ከተቀመጠበት ሳይነሣ «እሷ ናታ፤» አለ። «ጽፋዋለች ተባልን። የተጻፈ ነገር ነው አልን።»

ይህ መልስ እኔንም ነው የመታኝ። የወንድሜ ሆድ በእኔ ብዕር አልፎ፣ በወንድሜ አፍ ተመልሶ ወጥቶ፣ የሌላ ሰው ሆድ ሆኖ ወይራው ጀርባ ደርሷል። ሁለት ሆድ ተብሎ የተቆጠረው አንድ ራት ላይ የተወራ ወሬ ነው። ብዕሬን አወጣሁ። በሙያችን ማስታወሻ አይፋቅም፤ የተሳሳተው ቃል እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክሉ ከጎኑ ይጻፋል፣ ቀንና ሰዓት ይደረግበታል። እዚያው ቆሜ «ሲሸሽ» የሚለውን ሰረዝኩት። ከጎኑ «ጀርባው ታየ» ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ከሃያ። ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ለቄሱ ሰጧቸው፤ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ክምሬ ሲቃጠል አላለቀስሽም፤» አለኝ ወንድሜ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለሱ ግን ጠበቃ ቆምሽ።»

«ጠበቃው አይደለሁም፣ ጋሼ። አቃጥሎት ይሁን አይሁን አላውቅም። አላውቅም ያልኩትንም ይያዙልኝ።»

«ሰማን፤» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «አታውቅም።»

ከእኔ በኋላ ሃያ የሚሆን ሰው ተጠራ። ብዙዎቹ ወደ ዛፉ ጀርባ አልሄዱም፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው «አላየሁም» ብለው ተቀመጡ። ስለ ሆዳቸው ማንም አልጠየቃቸውም። እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎቹ ስም እንዳልተገኘ ተናገሩ፤ ያየ ሰው ካለ በማናቸውም ጊዜ ይምጣ አሉ። ጎረቤቱ በአጠገቤ ሲያልፍ «እታለም» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከእሱ ምስጋና የሚያስገኝ ነገር አላደረግኩም፤ እሱም ያን የተረዳ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሻንጣዬን ይዤ በእግሬ ይጁቤ ገባሁ፤ ከዚያ መኪና ተሳፈርኩ። ወንድሜ አልሸኘኝም።

ከተማ ስመለስ ባልደረቦቼ በዚህ ጉዳይ ተከራከሩኝ። አንዱ «ሃያ ዓመት ሙሉ ጥሩ ጥሩ ወሬ ያገኘሽው በሆድሽ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው። ሆዴ የት እንደምቆፍር ብዙ ጊዜ ነግሮኛል፤ ደግሜም እሰማዋለሁ። እንደ ጠቋሚ በደጄ ይግባ፤ ወንበር እሰጠዋለሁ። በምስክር ወንበር ላይ ግን አይቀመጥም። ሆዱን እንደ ዓይኑ የሚቆጥር ሰው ሽማግሌ ይሁን፣ ሐኪም ይሁን፣ አለቃዬ ይሁን፣ ያንኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ ማን ነገረህ? ይህን በመጠየቄ የቀረብኝ ነገር አለ፤ የወንድሜ ስልክ። ለጥያቄዬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ የምጠይቀው ሐሙስ ለጻፍኩት አንድ ቃል ነው፤ እሱንም በሰው ፊት ሰርዤዋለሁ።

ክምሩን ማን እንዳቃጠለው፣ ወይም ከየት በመጣ እሳት እንደተቃጠለ፣ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አውጫጭኙ ከተደረገ በዐሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጎረቤቱ ጤፉን ለመውቃት ደቦ ጠራ። የወንድሜን ሚስት በስልክ ጠየቅኩ፤ ቄሱንም ለብቻቸው ጠየቅኩ፤ የሁለቱም ቃል አንድ ነው። ዘጠኝ ሰው መጣ። ወንድሜ አልመጣም። ሁለቱ በሬዎቹ ግን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጎረቤቱ አውድማ ላይ ነበሩ።